የቆላ ቤታችንን ከሐሩር ስለ መጠበቅ

ለገጠር እናቶችና ለቤተሰቦቻቸው የተደረገ ንግግር



ዛሬ ልናነጋግራችሁ የመጣነው ስለ ቤታችሁ ሙቀት ነው። «ስለ ሙቀት ደግሞ ምን ይነገራል? ቆላ እንደሆን ይሞቃል፤ ፀሐይን ማን ይከለክላታል?» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፤ ፀሐይን የሚከለክል የለም። ነገር ግን ፀሐይዋ ቤታችን ውስጥ ገብታ አብራን እንዳታድር መከልከል እንችላለን። ይህም ለምቾት ብቻ ተብሎ የሚደረግ አይደለም፤ የሕፃናትንና የአረጋውያንን ሕይወት የሚያድን የጤና አጠባበቅ ሥራ ነው።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ከደጋ ወደ ቆላ ስንወርድ፣ በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በመተማ፣ በሁመራ፣ በጋምቤላና በአዋሽ ሸለቆ ያለ ሰው ደገኛው የማያውቀውን ሙቀት ይሸከማል። በመተማ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት እስከ 43 ዲግሪ የሚደርስበት ጊዜ አለ። የጤነኛ ሰው ገላ ሙቀት ግን 37 ዲግሪ ገደማ ነው። እንግዲህ አየሩ ከገላችን በልጦ ሲሞቅ፣ ገላችን ሙቀቱን የሚያወጣበት ዋናው መንገድ ላብ ብቻ ይሆናል። ላቡ ሲደርቅ ገላን ያቀዘቅዛል። ላብ ደግሞ ከውሃ የሚመጣ ነው፤ ውሃ ያልጠጣ ሰው ላብ ከየት ያመጣል? ነፋስ በማይገባበት ዝግ ቤት ውስጥ ያለ ሰውስ ላቡ በምን ይደርቃል?

ሙቀት ወደ ቤታችን የሚገባበት መንገድ ሦስት ነው። አንደኛው ጣራው ነው። በእኛ አገር ቆላ በሚያዝያ ወር ፀሐይ በእኩለ ቀን በአናታችን ቀጥ ብላ ስለምትቆም፣ ከግድግዳው ይልቅ ጣራው ይጋላል። የሣር ክዳን ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱን ይመልሳል። ቆርቆሮ ግን ስስ ነው፤ ከላይ የተቀበለውን ወዲያው ወደ ታች ይለቀዋል። በተለይም የዛገና የጠቆረ ቆርቆሮ ከአዲሱ ይልቅ ይግላል። ሁለተኛው መንገድ በግድግዳው፣ በበሩና በመስኮቱ በኩል ነው። ሦስተኛውን ግን የምናመጣው ራሳችን ነን፤ ይኸውም በቤት ውስጥ የምናነደው እሳት ነው።

ቆርቆሮ አትክደኑ ማለታችን አይደለም። ቆርቆሮ ዝናብ አያስገባም፤ እንደ ሣርም በየጊዜው ካልታደስኩ አይልም። ቆርቆሮ የከደነ ሰው ግን ከሥሩ ኮርኒስ ማበጀት እንዳለበት ማወቅ ይገባዋል።

አሁን ደግሞ የዚህ ንግግር ዋና ነገር ወደ ሆነው እንምጣ። ቤቱ ቀኑን ሙሉ ሲጋል ውሎ ማታ እንደ ምጣድ ሲፋጅ፣ ቤተሰቡ ምን ያደርጋል? አልጋውን ወይም ሰሌኑን ይዞ ወደ ደጅ ይወጣል። ውጭ መተኛቱ ደስ ይላል፤ ነፋሱም ይነፍሳል። ነገር ግን ውጭ የሚጠብቁን ሁለት ጠላቶች አሉ። አንዷ የወባ ትንኝ ናት። ሁለተኛይቱ ከወባ ትንኝ እጅግ የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት፣ የአሸዋ ዝንብ የምትባለው ናት። በመተማና በሁመራ በኩል ይህች ዝንብ በዋልካ መሬት ስንጥቅ ውስጥና ግራር በበዛበት ስፍራ ትኖራለች፤ ሌሊት ወጥታ ደጅ የተኛውን ሰው ትነክሳለች። የምታመጣውም በሽታ ካላ-አዛር ይባላል። ምልክቱ ለሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት፣ መክሳትና የጣፊያ ማበጥ ነው። ሳይታከም ከቀረ ብዙውን ጊዜ ይገድላል።

ስለ ወባም የቆላ ሰው ከእኛ የበለጠ ያውቃል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን የተነሣውን ወረርሽኝ ማስታወስ ይጠቅማል። በዚያን ጊዜ ቆላው ብቻ ሳይሆን ከፍ ያለውም አገር ተመትቶ፣ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንደ ታመመና ወደ 150,000 የሚጠጋ ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። ወባን የሚንቅ ሰው ይህን አያውቅም ማለት ነው።

እንግዲህ ነገሩን አያያዙት። ቤት ሲሞቅ ሰው ውጭ ያድራል፤ ውጭ ሲያድር ይነከሳል፤ ሲነከስ ይታመማል። ስለዚህ ቤቱን ያቀዘቀዘ ሰው ከሐሩሩም፣ ከወባውም፣ ከካላ-አዛሩም ቤተሰቡን ጠበቀ ማለት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ይህ ነው።

ታዲያ እንዴት እናድርግ? ገንዘብ ከማይጠይቀው እንጀምርና ወደሚጠይቀው እንሂድ።

አንደኛ፤ በርና መስኮት በሰዓቱ መክፈትና በሰዓቱ መዝጋት። ብዙ ሰው ሲሞቀው መስኮቱን በቀትር ይከፍታል፤ ማታ ደግሞ ይዘጋል። መሆን ያለበት ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በቀትር ውጭው ከቤቱ ይልቅ ይሞቃልና፣ መስኮት ስንከፍት ሙቀቱን እናስገባለን። ስለዚህ ሌሊትና ማለዳ ይከፈት፤ ቀዝቃዛው አየር ይግባ፤ ግድግዳውና ወለሉም ይብረድ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ፀሐይ የምታርፍበት መስኮት ይዘጋ ወይም መጋረጃ ይውረድበት። ማታ ውጭው መብረድ ሲጀምር እንደገና ይከፈት። ግድግዳው የቆርቆሮ ከሆነና ቤቱ በቀትር ከውጭው ይልቅ የሚፋጅ ከሆነ ግን፣ በጥላው በኩል ያለው መስኮት ክፍት ይሁን፤ ልጆችና አረጋውያንም ቀትሩን በዛፍ ጥላ ወይም በዳስ ሥር ይዋሉ እንጂ እንደዚህ ባለ ቤት ውስጥ አይተዉ።

ነፋስ እንዲያልፍ መስኮት በአንድ በኩል ብቻ መሆን የለበትም። በአንዱ ገብቶ በሌላው የሚወጣበት፣ ትይዩ የሆነ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ከጣራው ሥር በግድግዳው ጫፍ ላይ በሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ መተንፈሻ ብናበጅለት በዚያ በኩል ይወጣል። በመስኮቱና በመተንፈሻው ላይ የሽቦ ወንፊት ቢመታበት ትንኝ አይገባም። ለጅብና ለሌባ የሚያሰጋ ከሆነም ከወንፊቱ ውጭ የእንጨት ርብራብ ይደረግለት፤ ነፋሱ በርብራቡ መካከል ያልፋል።

ሁለተኛ፤ እሳቱን ከመኝታ ቤት ማውጣት። ምጣድ ተጥዶ እንጀራ ሲጋገር የሚወጣው ሙቀት ቤቱን እስከ ማታ ድረስ ያሞቀዋል። ጢሱም የእናትየዋን ዓይንና የሕፃኑን ሳንባ ይጎዳል። ስለዚህ ማድቤቱ ለብቻው ይሠራ፤ ነፋሱ ከመኝታ ቤቱ ወደ ማድቤቱ የሚነፍስበትን ወገን መምረጥም ደኅና ነው። ማድቤት ለመሥራት ላልቻለ፣ በዳስ ሥር መጋገር ይቻላል። መጋገርም ቢሆን በጧት ቢሆን ይሻላል እንጂ በቀትር አይሁን። ባሎች ሆይ፤ ይህ እናንተን ይመለከታል። አራት ባላና ጥቂት ሣር ለማቆም የአንድ ቀን ሥራ ይበቃል።

ሦስተኛ፤ ኮርኒስ። ከቆርቆሮው ሥር ሌላ ሽፋን ስናበጅ፣ በሁለቱ መካከል ያለው አየር ሙቀቱን ያግደዋል። ኮርኒስ ለመሥራት የግድ ሳንቃ መግዛት አያስፈልግም። ሰሌን፣ የሸምበቆ ንጣፍ ወይም ታጥቦ የተሰፋ የማዳበሪያ ከረጢት ይበቃል። ዋናው ነገር ከቆርቆሮው ጋር እንዳይጣበቅና በላዩ የሞቀው አየር መውጫ እንዲኖረው ነው። አይጥና እባብ እንዳይሸሸግበትም በየጊዜው ይታይ፤ ይጠረግ። ገንዘብ ያለው ሰው ደግሞ ጣራውን ከላይ ነጭ ቀለም ቢቀባው፣ ነጭ ነገር የፀሐይን ብርሃን ስለሚመልስ፣ ልዩነቱን በእጁ ዳስሶ ያውቀዋል።

አራተኛ፤ ግድግዳ። የጭቃ ግድግዳ ወፍራም ከሆነ ሙቀቱን ቶሎ አያሳልፍም። ስንጥቁን መድፈን፣ ውጭውን ኖራ መቀባት መልካም ነው። ኖራ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላልና ልጆች እንዳይነኩት። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፤ አደራ አትርሱት። የወባ መከላከያ መድኃኒት የሚረጩ ሠራተኞች ቤታችሁን ከረጩ በኋላ ውስጡን አትምረጉ፤ በእበትም አትለቅልቁ፤ ቀለምም አትቀቡ። መድኃኒቱ የሚሠራው በግድግዳው ላይ ሲቆይ፣ ትንኟም መጥታ ስታርፍበት ነው። ስለዚህ ምርጊቱም ልቅለቃውም ረጪዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ይለቅ።

አምስተኛ፤ ዛፍ። ጥላ የሚሆን ዛፍ ከቤቱ በስተ ምዕራብና በስተ ምሥራቅ ይተከል፤ የረፋዱና የአሥር ሰዓቱ ፀሐይ ግድግዳውን የሚመታው በእነዚህ በኩል ነውና። ኒም ሙቀትንና ድርቅን ይችላል፤ ጥላውም ሰፊ ነው። ውሃ በሚገኝበት ቦታ ማንጎ ቢተከል ጥላና ፍሬ ይሰጣል። ሥሩ መሠረቱን እንዳያነሣ፣ ቅርንጫፉም ጣራውን እንዳይመታ ከግድግዳው ራቅ ይበል። ዛፉ እስኪደርስ ድረስ ዱባ ወይም ሌላ ሐረግ የሚወጣበት ርብራብ በበሩ ፊት ማቆም ይቻላል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ደግሞ ረጅሙን ግድግዳ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ያዙረው፤ አጭሩን ለምሥራቅና ለምዕራብ ይተው።

ስድስተኛ፤ ውሃ። ደረቅ በሆነው ወራት ንጹሕ ጨርቅ በውሃ አርሶ በመስኮቱ ላይ መስቀል፣ የሚገባውን ነፋስ ያበርደዋል። አየሩ እርጥብ በሆነበት በክረምት ግን ውሃው ስለማይተን ይህ አይጠቅምም። የሸክላ እንስራም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። እንስራው በጥቂቱ ያልበዋል፤ ያ ላብ ሲደርቅ በውስጡ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ እንስራው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ነገር ላይ ይቀመጥ። ይከደን፤ መቅጃውም እጀታ ያለው ይሁን እንጂ እጅ አይግባበት። ውሃው ከወንዝ ወይም ከኩሬ የመጣ ከሆነ፣ መጀመሪያ ይፈላ ወይም የውሃ ማከሚያ መድኃኒት ይግባበት።

የውሃ በርሜልና ጀሪካንም ክፍት አይተዉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪደሃር ከተማ፣ ቀድሞ በአገራችን የማትታወቅ፣ ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ ተገኝታለች። ይህች ትንኝ እንደ ሌሎቹ በኩሬ ብቻ የምትራባ አይደለችም፤ ሰው ባጠራቀመው ውሃ በበርሜልና በገንዳ ውስጥ ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት መሆኗ ታውቋል። ስለዚህ ለማቀዝቀዣ ያጠራቀምነው ውሃ የትንኝ መፈልፈያ እንዳይሆን በርሜሉ ይከደን፤ በየሳምንቱም ባዶ ተደርጎ ውስጡ ይፈተግ። ግቢውን ማታ ውሃ የምንረጨውም መሬቱን ለማብረድ ያህል ይሁን እንጂ ውሃው እንዳይተኛ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቤቱ አሁንም አላስተኛ ቢልስ? ውጭ ማደር ግድ ከሆነ፣ ያለ አጎበር አይሁን። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር በአራት እንጨት ተወጥሮ፣ ጫፉ ከፍራሹ ሥር ይጠቅጠቅ። ከግራር ሥርና ከተሰነጠቀ ዋልካ አጠገብ አትተኙ። መሬት ላይ ከመተኛትም አልጋ ይሻላል፤ ጊንጥም አለና። ለሰሊጥ ሥራ ወደ እርሻ የሚሄዱ ልጆቻችሁንም አጎበር አስይዛችሁ ስደዱ።

አሁን ስለ አራስና ስለ ሕፃን ጥቂት እንበል። እዚህ ላይ እናቶች እንዳትቆጡን እንለምናለን፤ በዕድሜ ልጆቻችሁ ነን። በአገራችን ልማድ አራሷ ነፋስ እንዳይመታት በር ይዘጋል፤ መጋረጃ ይጋረዳል፤ ሕፃኑም በብዙ ልብስ ይጠቀለላል። ሕፃን በተወለደ ጊዜ ወዲያው ማድረቅና ማሞቅ፣ ከእናቱ ገላ ጋር ማስጠጋት ትክክል ነው፤ በደጋም በቆላም ይገባል። ልማዱም የመጣው ብርድን ከመፍራት ነው። ነገር ግን በሚያዝያ ቀትር በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሕፃኑን የሚያሰጋው ብርድ አይደለም። ሕፃን እንደ ትልቅ ሰው ልብሱን አይጥል፤ ውሃ አይጠይቅ። ስለዚህ አንገቱንና ጀርባውን በእጃችሁ ዳስሱ። ካላበውና ከሞቀው ልብስ ቀንሱለት። እናትየዋም ነፋስ የሚያልፍበት ቤት ውስጥ ትተኛ፤ ብርሃንና ንጹሕ አየር አራስን አይጎዳም።

«ልጁ ይጠማዋል» ብላችሁም ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ውሃ አትስጡ። ከጡት ወተት አብዛኛው ውሃ ነው፤ በቆላም ሆነ በሐሩር ጊዜ ይበቃዋል። ውሃ ስትሰጡት ጡት መጥባት ይቀንሳል፤ ከውሃው ጋርም ተቅማጥ ሊገባበት ይችላል። በሐሩር ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይጥባ። ውሃ አብዝታ መጠጣት ያለባት እናቱ ናት።

በመጨረሻ፣ ሐሩር የመታውን ሰው እንዴት እንደምንለይና እንደምንረዳ እንናገራለን። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽና የጡንቻ መኮማተር ካለ ቶሎ ወደ ጥላ መግባት፣ ልብስን ማላላት፣ ውሃ ቀስ እያሉ መጠጣት ይገባል። ብዙ ላብ ለወጣው ሰው ከጤና ኬላ የሚሰጠውን ኦ አር ኤስ፣ ለምለም የምትሉትን፣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ መስጠት ይጠቅማል፤ የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ።

ነገር ግን ሰውየው ገላው እንደ እሳት ግሎ የሚቀባዥር፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም ራሱን የሚስት ከሆነ፣ ይህ የሞት አደጋ ነው። ወዲያው ወደ ጥላ ይግባ፤ ልብሱ ይውለቅ፤ ገላው ላይ ውሃ ይፍሰስ፤ በነጠላም በሰሌንም ይራገብ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥ፤ ትን ብሎት ይሞታል። በጎኑ አስተኝታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ስትወስዱትም በመንገድ ላይ ውሃ ማፍሰሱና ማራገቡ አይቋረጥ።

ብዙ ጊዜ ሰው ትኩሳት ሲይዘው «ምች መታው» ይባልና ዳማከሴ ይታሻል፤ ቤት ውስጥ ተሸፋፍኖም ይተኛል። ዳማከሴውን ማሽተት ክፉ ነው አንልም። ክፉው ነገር ቀን ማለፉ ነው። ያ ትኩሳት ወባ ሊሆን ይችላል፤ ሐሩር የመታው ሰውም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም አይጠብቁም። ሐሩር የመታው ሰው ሲሸፈን ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ በወባ አገር ትኩሳት የያዘው ሰው፣ በተለይም ሕፃንና ነፍሰ ጡር፣ ቀኑ ሳያልፍ ወደ ጤና ኬላ ሄዶ ደሙን ይመርመር። ትኩሳቱ ለሳምንታት ካልለቀቀ ደግሞ ስለ ካላ-አዛር እንዲመረመር ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

እናቶችና አባቶች ሆይ፤ የነገርናችሁ ሁሉ በአንድ ቀን አይሠራም። ነገ ማለዳ ግን መስኮቱን ከፍቶ በረፋዱ መዝጋት የሚያቅተው ቤት የለም። እንስራውን ወደ ነፋሻው ጥላ ማዛወር፣ በርሜሉን መክደን፣ የሕፃኑን አንገት መዳሰስ፣ የአጎበሩን ቀዳዳ መስፋት አንዳች ገንዘብ አይፈጅም። በዚህ ወር ማድቤቱ ከመኝታ ቤት ይውጣ። ሰሊጡ በተሸጠ ጊዜ ኮርኒሱ ይሠራ፤ ክረምት ሲገባ ዛፉ ይተከል። ብቻዋን የምትኖር አሮጊት በጎረቤታችሁ ካለች ደግሞ በቀትር ልጅ ልካችሁ ጠይቋት፤ ውሃም አቅምሷት።

ያልገባችሁ ነገር ቢኖር በቀበሌያችሁ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቋት፤ የመጣችው ለእናንተ ነውና አታፍሩባት።